«ማን ነካው?»

አንድ ዕቃ ሲበላሽ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ምን ሆነ?» ሳይሆን «ማን ነካው?» የሚለው ነው። ራዲዮ ድምፁ ሲጠፋ፣ የውሃ ቧንቧ ሲያፈስ፣ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ከቦታው ሲታጣ፣ መጀመሪያ የሚፈለገው ሰው ነው። ሰው ከተገኘ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል፤ ራዲዮው ግን እንደ ተዘጋ ነው፤ ቧንቧውም ሲያፈስ ይውላል። ይህን ጠባይ ከቤት ይዘነው ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤትም ወደ ቢሮ እንገባለን። ዛሬ ለአንባቢዎቼ የማወጋው አልነሣም ስላለ አንድ ሰርቨር ነው፤ ነገር ግን ነገሩን ስጽፍ ደጋግማ ከብዕሬ ሥር የምትመጣብኝ ይህችው ጥያቄ ናት።

የማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከአንዲት መካከለኛ ከተማ ዳር ይገኛል። የማስተምረው ፊዚክስ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ጥቂት ለምጄ ስለ ነበር ግን፣ ይህ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ የኮምፒዩተሩ ክፍል ጉዳይ ሁሉ ወደኔ ይመራል። በክፍሉ ውስጥ 24 አሮጌ ኮምፒዩተሮች አሉ። ከነርሱም አንዱ፣ ከመምህሩ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠው፣ ለሌሎቹ አገልጋይ ሆኖ ይሠራል፤ ሰርቨር የምንለውም ይህንኑ ነው። ያለፉት ዓመታት የ12ኛ ክፍል ፈተናዎች፣ መምህራን ያዘጋጁአቸው ማስታወሻዎችና መልመጃዎች በውስጡ ተከማችተዋል። ተማሪው ከፊቱ ካለው ኮምፒዩተር ሆኖ የሚፈልገውን ፋይል ከዚያ ይወስዳል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ፋይሉ የሚሄደው በክፍሉ ውስጥ በተዘረጋው ሽቦ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ፋይል የሚተላለፈው በፍላሽ ነበርና፣ አንዱ ፍላሽ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ከፈተናው ጋር ቫይረሱንም ያዳርስ ነበር።

ፋይል የሚተላለፍበት ይህ ደንብ ኤፍቲፒ ይባላል። ዕድሜው ከብዙዎቻችን ወላጆች ዕድሜ ጋር ይወዳደራል። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያወጣው አብሃይ ቡሻን የተባለ ሕንዳዊ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1971 ሲሆን፣ እርሱ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነበር። ዛሬ በየስልካችን የምንከፍተው ድረ ገጽ የሚባለው ነገር ገና 20 ዓመት ያህል ይቀረው ነበር። ይህን ደንብ በሊኑክስ ላይ ሥራ ላይ ከሚያውሉት ፕሮግራሞች መካከል እኛ ዘንድ ያለው ክሪስ ኤቫንስ የተባለው ሰው የጻፈው ቪኤስኤፍቲፒዲ ነው። ስሙ ለምላስ ስለሚከብድ ከዚህ በኋላ «አስተላላፊው» እያልኩ እጠራዋለሁ።

የዛሬ ዓመት፣ በግንቦት መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ሰኞ ጧት ሲመጣ ኮምፒዩተሮቹ እንደ ልማዳቸው ተነሡ፤ ሰርቨሩም በራ። ነገር ግን ተማሪዎቹ ፋይል ሲጠይቁ መልስ የሚሰጣቸው ጠፋ። ማሽኑ ነቅቷል፤ በውስጡ ያለው አስተላላፊ ግን አልነሣም ብሏል። ቀኑ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ነገር የማይመች ቀን ነበር። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለብሔራዊው ፈተና የቀራቸው አምስት ሳምንት ያህል ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም ፈተናው በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ በየሳምንቱ የሚደርሳቸው የሁለት ሰዓት ተራ ለነርሱ ትልቅ ነገር ነው። ቤቱ ኮምፒዩተር የሌለው ልጅ፣ አብዛኞቹም እንዲህ ናቸው፣ ማውስ የሚጨብጠው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

ምክትል ርእሰ መምህሩ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ማን ነካው?»

ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ክፍሉ ኃላፊ መለሰ። እርስዋም ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወጥታ በኮንትራት የተቀጠረች ወጣት ናት።

«እኔ ጋሼ፣ መብራት ሲመጣ አበራሁት እንጂ ሌላ ምንም አልነካሁም» አለች።

«ዓርብ ደኅና ነበር። ዛሬ ያበራሽው አንቺ ነሽ። ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

አንባቢዬ ይህን አነጋገር ልብ ይበልልኝ። ሲሰሙት የሚረታ ሙግት ይመስላል። ዓርብ ሠርቷል፤ ሰኞ አልሠራም፤ በመካከሉ እጅዋን ያሳረፈች አንዲት ሴት ብቻ ናት። እኚህ ሰው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደመወዝ ሲዘገይ ለወጣት መምህራን ከኪሳቸው የሚያበድሩ ናቸው። ነገር ግን ስለ ደረሰው ብልሽት ለበላይ ሪፖርት የሚጽፉት እርሳቸው ናቸው፤ ሪፖርት ደግሞ ስም ይፈልጋል። የልጅቷ ኮንትራት በሰኔ መጨረሻ የሚያልቅ ነበር። አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በፋይልዋ ውስጥ ቢገባ ኮንትራቱ እንደማይታደስ እርስዋም፣ እኛም፣ እርሳቸውም እናውቃለን። ፊትዋን ሳየው ይህንኑ እያሰላች መሆንዋ ያስታውቅ ነበር።

በዚህ መካከል አንድ የሥራ ባልደረባዬ መፍትሔ አለኝ አለ። «ፎርማት ይደረግ!» በአገራችን የኮምፒዩተር ሕክምና ፎርማት ማለት ለራስ ምታትም ለእግር ስብራትም የሚታዘዝ አንድ መድኃኒት ነው። በሽታውን ሳይሆን በሽተኛውን አጥፍቶ እንደ ገና መውለድ ነውና፣ እርግጥ በሽታው አብሮ ይሄዳል። ነገር ግን በዚያ ዲስክ ላይ ያለው የሦስት ዓመት ሥራ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። መምህራኑ በእጃቸው የጻፉት፣ ልጅቷ አንድ በአንድ በስካነር ያነሣችው ነው። «ይደረግ» የሚለው ቃል ከምክትሉ አፍ ቢወጣ ኖሮ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሁሉም ያበቃ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ይስጡኝ» አልኳቸው። «ማሽኑን ልጠይቀው።»

ሣቁ። ግን ሰጡኝ።

ማሽን ይጠየቃል ወይ ለሚል ሰው መልሴ ይጠየቃል ነው። በብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ውስጥ አገልግሎቶችን እየቀሰቀሰ የሚያስነሣ፣ የወደቀውንም የሚመዘግብ ሲስተምዲ የሚባል ክፍል አለ። የመዝገብ ቤት ሹም ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ» ብሎ የአገልግሎቱን ስም ጨምሮ የጻፈለት ሰው ሁኔታውን በጥቂት መስመር ይመልስለታል። ለኛ የመለሰው አስተላላፊው ለመነሣት ሞክሮ ወዲያው መውጣቱንና ሲወጣም 2 ቁጥርን ትቶ መሄዱን ነው። ሲስተምዲ ይህን ቁጥር «ተገቢ ያልሆነ ትእዛዝ» ብሎ ይፈታዋል። ከዚህ የበለጠ ቃል አልነበረም። ጆርናል የሚባለውን ረጅሙን መዝገብም «ጆርናልሲቲኤል» ብዬ አስከፈትኩ፤ እዚያም ያው ቁጥር ብቻ ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ብዙ ጥርጣሬ ይቀንሳል። ተበላሸ የተባለው ዲስክ ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ራሱ በደኅና ባልተነሣ ነበር። ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነም «ዲኤፍ» የምትባለውን አጭር ትእዛዝ ጠየቅኩ፤ ግማሹ ባዶ ነው። ሌላ ፕሮግራም በሩን ይዞበት ይሆን? አስተላላፊው እንግዶቹን የሚቀበልበት በር 21 ቁጥር ነው፤ ፖርት ይሉታል። በአንድ አድራሻ ላይ አንድን በር በአንድ ጊዜ ሁለት ፕሮግራም ሊይዘው አይችልም፤ ሌላ ተመሳሳይ ፕሮግራም ቀድሞ ከገባ የኋለኛው ውጭ ቀርቶ ይወድቃል። «ኤስኤስ» በሚባለው ትእዛዝ ሳይ 21 ቁጥር ላይ ማንም አልነበረም። ስለዚህ አስተላላፊውን የከለከለው የውጭ ሰው አይደለም፤ ራሱ አንዳች ነገር አልተስማማውም።

ታዲያ ያልተስማማውን ነገር ለምን አይናገርም? እዚህ ላይ አያሌ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ ነው፤ ስለዚህም ጥቂት ልቆይበት። አስተላላፊው ዝም አላለም፤ ተናግሯል። ነገር ግን ቅሬታውን የሚናገረው ከፊቱ ለቆመው እንግዳ ወይም ለቀሰቀሰው ተርሚናል ነው። ሲስተምዲ ሲቀሰቅሰው ከፊቱ ማንም የለም። ስለዚህ አቤቱታውን ባዶ ቢሮ ገብቶ በደንብ አስረድቶ እንደሚወጣ ባለጉዳይ ይሆናል። የመዝገብ ቤቱ ሹም ያየው መውጣቱን ብቻ ነው፤ የጻፈውም ያንኑ ነው። እንግዲህ መላው ቢሮው ባዶ እንዳይሆን ማድረግ ነው። ሲስተምዲን ተወት አድርጎ ፕሮግራሙን በገዛ እጅ፣ በሙሉ ሥልጣን፣ ከነደንብ ፋይሉ ተርሚናል ላይ መጥራት ማለት ነው። ሙሉ ሥልጣን ያልኩት ከ1024 በታች ያሉትን በሮች ተራ ተጠቃሚ እንዲከፍት ሊኑክስ እንደ ልማዱ ስለማይፈቅድ ነው፤ «ሱዶ» የሚለው ቃል ከትእዛዙ ፊት የሚጻፈው ለዚሁ ነው።

ልጅቷን ከጎኔ አስቀምጬ ትእዛዙን እርስዋ እንድትጽፈው አደረግሁ። መልሱ በአንድ መስመር መጣ፤ በእንግሊዝኛ የሚለው «500 ኡፕስ፣ ለአይፒቪ4 እና ለአይፒቪ6 ሁለት ቅጂ አስነሡ» ነው። 500 በኤፍቲፒ ደንብ ውስጥ ትእዛዙ አልገባኝም ለማለት የሚሰጥ ቁጥር ነው። «ኡፕስ» ደግሞ እኛ «ውይ!» እንደምንለው ያለ ነው። ማሽን «ውይ» ሲል መስማት ለኔ እስከ ዛሬ የሚያስቀኝ ነገር ነው፤ ልጅቷም በዚያ ጧት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለችው እዚህች ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኔትዎርክ ላይ ያሉ መሣሪያዎች ሁለት ዓይነት አድራሻ አላቸው። የቀድሞው አይፒቪ4 ሲሆን ከ4 ቢሊዮን ጥቂት በለጥ ያለ አድራሻ ብቻ ይሰጣል፤ ይህ ለዓለም ስላልበቃ እጅግ የሰፋው አይፒቪ6 ወጣ። የአስተላላፊው ደንብ ፋይል ለሁለቱም ለየብቻ አንዳንድ መስመር አለው። «ሊስን» የሚለው በቀድሞው አድራሻ አድምጥ ማለት ነው፤ «ሊስን አይፒቪ6» የሚለው ደግሞ በአዲሱ። የፕሮግራሙ ጸሐፊ አንዱ ቅጂ ከሁለቱ አንዱን ብቻ እንዲያደርግ ወስኗል። ሁለቱም «ዬስ» ከተባሉ አስተላላፊው አንዱን መርጦ አይሄድም፤ «ውይ» ብሎ ይወጣል። ደግሞም በአይፒቪ6 የሚያደምጥ አስተላላፊ በአይፒቪ4 የሚመጡትንም ተቀብሎ ስለሚያስተናግድ፣ ሁለቱን ማዘዝ ትርፍ ነገር ነው። በኛ ፋይል ውስጥ ሁለቱም «ዬስ» ሆነው ተገኙ። ልጅቷ የላይኛውን «ኖ» አለችው፤ አስተላላፊውን ቀሰቀሰችው፤ ተነሣ። ጊዜው ሰላሳ ሰከንድ አይሞላም።

እንግዲህ ሥራው አለቀ ብሎ መሄድ ይቻል ነበር። ነገር ግን «ዓርብ ደኅና ነበር» የሚለው ሙግት ገና አልተረታም። ከኋላዬ የቆሙት ምክትሉም «ታዲያ ያንን ማን ጻፈው?» ማለታቸው አልቀረም። ፋይል ሁሉ መጨረሻ የተለወጠበትን ቀንና ሰዓት ይዞ ይኖራል። የደንቡ ፋይል ቀን የሰኞ አልነበረም፤ የዓርብም አይደለም። ከ17 ቀን በፊት፣ ከቀኑ በ9 ሰዓት ከሩብ ነበር። ልጅቷ የክፍሉን የእንግዳ መዝገብ አመጣች። በዚያ ቀን በዚያ ሰዓት የተመዘገበው አዲሱን የማባዣ መሣሪያ ሊያያይዝ የመጣው የአንድ ነጋዴ ድርጅት ቴክኒሺያን ነው።

እንዴት 17 ቀን ሙሉ በደኅና ሠራ? አስተላላፊው የደንቡን ፋይል የሚያነበው ሲነሣ ነው። አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ያነበበውን ይዞ ይሠራል እንጂ ወረቀቱን በየቀኑ እያነሣ አያይም። በሹመቱ ቀን መመሪያውን አንብቦ መሳቢያው ውስጥ እንደ ዘጋበት ሠራተኛ ማለት ነው፤ ሌላ ሰው መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀቱን ቢለውጠው እስኪጠራና እንደ ገና አንብብ እስኪባል ድረስ አያውቅም። ቴክኒሺያኑ መስመሩን ለወጠ፣ ማባዣውን ሞከረ፣ ማባዣውም ፋይሉን በደኅና ላከ፤ የተቀበለው ግን በአሮጌው ደንብ ይሠራ የነበረው አስተላላፊ ነው። በስልክ ስናገኘው «ሠርቶልኝ ነው የሄድኩት» አለ፤ ቃሉም እውነት ነበር። በእነዚያ ቀናት መብራት መጥፋቱ አልቀረም፤ ነገር ግን ሰርቨሩ የራሱ ባትሪ ስላለው አጫጭሩን መጥፋት ተሻግሮታል። የእሑዱ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ቆየ ባትሪው አለቀ፤ ሰኞ ጧትም አስተላላፊው ከ17 ቀን በፊት የተለወጠውን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ይህ ነው። ጥፋቱና ውድቀቱ የ17 ቀን መንገድ ተራርቀዋል። «ማን ነካው?» የሚለው ጥያቄ ግን ዘወትር የሚይዘው በውድቀቱ ሰዓት አጠገብ የተገኘውን ሰው ነው። ያን ጊዜ አጠገቡ የሚገኘው ደግሞ በአብዛኛው መጀመሪያ በር የሚከፍተው፣ ደመወዙም ዝቅተኛ የሆነው ሠራተኛ ነው። እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ጀማሪ ሠራተኞች ይህን ከኔ በተሻለ ታውቁት ይሆናል።

ምክትሉ ሪፖርቱን ጻፉ። የማንም ስም አልገባበትም፤ የገባው የመስመሩ ቁጥርና ቀኑ ነው። ከወረዳው የመጣው መልስ «ተመልክተነዋል» የሚል ነበር። የልጅቷ ኮንትራት በሰኔ ታድሷል። እርስዋም ከዚያ ወዲህ የደንቡን ፋይል ከመንካትዋ በፊት ቀን የተጻፈበት ቅጂ ታስቀምጣለች፤ ከለወጠችም በኋላ አስተላላፊውን ወዲያው አጥፍታ ታስነሣዋለች፤ መውደቁ ካልቀረ እርስዋ ባለችበት እንዲወድቅ ነው።

አንባቢ የራሱን ሰርቨር ይዞ ቢቸገር ሊያጋጥመው የሚችለው ይኸው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በአስተላላፊው ደንብ ፋይል ውስጥ በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ መተው ስሕተት ነው። እኛ የሒሳብና የፊዚክስ ሰዎች ቀመር ስንጽፍ ምልክቱን ማናፈስ ልማዳችን ስለሆነ ይህ በተለይ እኛን ይመለከታል። በዓይን የማይታይ አንዲት ባዶ ቦታ አገልግሎቱን በሙሉ ታስቀራለች፤ መልእክቱም ይህን ቃል አላውቀውም ወይም ዋጋው ልክ አይደለም የሚል ይሆናል። ምስጢር መጠበቂያ ሰርተፊኬት ታዝዞ ፋይሉ በተባለው ቦታ ካልተገኘም ያው «ውይ» ይመጣል። መልእክቶቹ አጫጭርና ደረቅ ናቸው፤ ግን አይዋሹም። በእጅ አስነሥቶ ማንበብ እንጂ ከሰው የተቀበሉትን አሥር መስመር አከታትሎ መለጠፍ አይበጅም፤ የኛም ቴክኒሺያን ያደረገው ይህንኑ ይመስለኛል። «ሊስንን ዬስ በል» የሚለው ምክር ሌላኛው መስመር «ኖ» ለሆነበት ፋይል ትክክል ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ይህ ኤፍቲፒ የሚባለው አሮጌ ደንብ በተራ አሠራሩ የይለፍ ቃልን ሳይሸፍን በሽቦው ላይ ይልካል፤ መንገድ ላይ የሚያደምጥ ሰው ካለ እንዳለ ያነበዋል። ክሮምና ፋየርፎክስም እ.ኤ.አ. በ2021 ኤፍቲፒን ከውስጣቸው አውጥተውታል። ስለዚህ ባለፈው ክረምት የመምህራኑን ፋይሎች ኤስኤፍቲፒ ወደሚባለው ሌላ መንገድ አዛወርናቸው፤ እርሱ በ22 ቁጥር በር፣ ሁሉን ሸፍኖ ነው የሚሄደው። ለተማሪዎቹ የቀረው የፈተና ፎልደር የይለፍ ቃል የማይጠየቅበት፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ የማይፈቀድበት ነው። ማባዣው መሣሪያ ግን ከኤፍቲፒ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም። ለእርሱ ሲባል አስተላላፊው በክፍሉ ውስጣዊ ሽቦ ላይ ብቻ እንዲያደምጥ ተደርጎ፣ ለማባዣው ብቻ በተከፈተ ስምና ምንም በማይጎዳ የይለፍ ቃል፣ እስከ ዛሬ ድረስ በ21 ቁጥር በር ይገኛል።